ከአጠና ተራ ወደ ቀራንዮ

ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራብ ዳር ያለ ሰፈር ነው። ክፍለ ከተማው ኮልፌ ቀራንዮ ይባላል። የሁለት ሰፈሮች ስም ተጋብቶ አንድ ስም ሆኗል። እኛም በ2017 ዓ.ም. ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ስም ተዛወርን። መንገዱ ሩቅ አይደለም። ለእኛ ግን አራት ወር ፈጀብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮልፌ አጠና ተራ በአንዲት ክፍል ውስጥ ስምንት ዓመት ኖረናል። አጠና ተራ ማለት አጠና የሚሸጥበት ቦታ ነው። አጠናው የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ከዚያ ገዝቶ ይወስዳል። ጠዋት ጠዋት የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ቤታችን ድረስ ይገባል። እኔም አናጢ ነኝ። የምሠራው ለሰው ነው፤ የራሳችን ቤት ግን የለንም። ባለቤቴ በደጃችን የሚያልፈውን እንጨት እያየች «የሰው ቤት ሲያልፍ እያየን አረጀን እኮ!» ትላለች። ትስቃለች።

በጥር ወር ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ሄዳ ተመለሰች። «ሦስተኛው መጣ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ዓይኔ ወደ ቤቱ ዞረ። አንድ አልጋ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ቁም ሳጥን። ጥግ ላይ ምድጃ። ሁለቱ ልጆች ፍራሹ ላይ ተኝተዋል። ሴቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወንዱ አራት። አራሷ የት ትተኛ? ሕፃኑስ በከሰል ጭስ ውስጥ ሊያድግ ነው? የዚያን ዕለት ማታ ቤት ለመፈለግ ቆረጥን።

አንባቢ ሆይ፣ በአዲስ አበባ ቤት ተከራይተህ ታውቅ እንደሆነ የመጀመሪያውን ጥያቄ ታውቀዋለህ። «ስንት ልጅ አላችሁ?» ይሉሃል። ሥራህን ከመጠየቃቸው በፊት ነው። በዘነበ ወርቅ ጠየቅን፤ በአየር ጤና ጠየቅን። አንዷ አከራይ «ውሃ አይበቃንም» አሉ። ሌላው «ልጅ ግድግዳ ያበላሻል» አሉ። ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አልልም። የእኔም ልጅ ግድግዳ ላይ ይሥላል። ግን ልጅ ያለው ሰው የት ይኑር? አከራዮቹስ በልጅነታቸው የት ነበሩ?

ደላላው መከረኝ። «ስለ እርግዝናው አትናገር። ባለቤትህን ይዘሃት አትምጣ። ሁለት ልጅ ብቻ በል። ከገባችሁ በኋላ ምን ያመጣሉ?» አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ምክሩ ልቤን ነካው። ደክሞኝ ነበር። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። «ሆድ ይደበቃል እንዴ?» አለችኝ። «በውሸት ገብቼ፣ በሰው ፊት እየተሳቀቅኩ ልወልድ?» ከዚያ ወዲያ ቤት ለማየት ስሄድ አብራኝ መጣች።

በሚያዝያ ወር ቀራንዮ ሄድን። ባቡሩ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ማለቴ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ በታክሲ ነው። የወጨጫ ተራራ በስተ ምዕራብ ይታያል። አየሩ ይቀዘቅዛል። ሰፈሩ ውስጥ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። ወር በገባ በ27 መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሰው ይሞላል። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። እኛ የሄድንበት የውስጡ መንገድ ግን አፈርና ድንጋይ ነበር።

አከራይዋ ሴት አዛውንት ናቸው። በር ከፍተው ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አዩአት። ስንት ልጅ አላችሁ አላሉንም። «መቼ ነው የምትወልጂው?» አሏት።

«ሐምሌ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ከሰኔ በፊት ግቡ። ክረምት ከገባ ይህ መንገድ ጭቃ ነው። ነፍሰ ጡር ትወድቃለች።»

ሁለት ክፍል ነው። ማብሰያው ውጭ ነው፤ ጭሱ ወደ ቤት አይገባም። ደላላው የአራት ወር ኪራይ በቅድሚያ እንድንከፍል ፈለገ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ግን ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ አይፈቅድም። ውሉም በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመትም አይነስ ይላል። ይህን ለእማማ ነገርኳቸው። «ሕጉ እንዲያ ካለ እንደዚያው ይሁን» አሉ። ባለቤቴ ውሉን መስመር በመስመር አነበበችው። «ሁለት ዓመት» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈች። ሕፃኑ በዚህ ቤት ይሄዳል፣ ይናገራል ማለት ነው።

ቤት ተገኘ። ባለቤቴ ግን በታክሲ ስንመለስ ዝም አለች። ኋላ ነገረችኝ። «አራስ ጎረቤት ይፈልጋል» አለች። እውነቷን ነው። ሁለቱ ልጆች ሲወለዱ የአጠና ተራ ሴቶች አልተለዩንም። ምጥ ሲይዛት «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ደጅ ቆመዋል። ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ገብተዋል። አንዷ አጥሚት ታፈላለች፤ አንዷ ገንፎ ታገነፋለች። ሌላዋ ልብስ ታጥባለች። አራስ ለብቻዋ አትተውም። እኔ አናጢ ነኝ፤ ቤት ማለት ጣሪያና ግድግዳ ይመስለኝ ነበር። ይህን ከእሷ ሰማሁ።

አማቴ ደግሞ ስሙን አልወደዱትም። «ቀራንዮ ጌታ የተሰቀለበት ቦታ ስም ነው። የመከራ ስም ነው። ሕፃን ይወለድበታል?» አሉ። እማማ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «መድኃኔዓለም ማለትስ የዓለም መድኃኒት ማለት አይደለም?» ብለው መለሱላቸው። ሁለቱ በዚያ ቀን ወዳጅ ሆኑ።

በግንቦት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ዕቃችንን ጫንን። አንዲት ፒክአፕ በቃችን። ምጣዱን ባለቤቴ ራሷ አቅፋ ይዛው ሄደች፤ ለማንም አላመነችውም። ከእድሩ ግን አልወጣንም። ወርኃዊውን እስከ ዛሬ እከፍላለሁ።

ሴቷ ልጄ ትምህርት ቤቷ ኮልፌ ነበር። ትምህርቱ እስኪዘጋ ጠዋት ጠዋት በታክሲ ወሰድኳት። አንድ ቀን ስለ ኔልሰን ማንዴላ ሰምታ መጣች። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የውትድርና ትምህርት የተማሩት ኮልፌ ነው። «ልጆች ነበሯቸው?» አለችኝ። ነበሯቸው። ትንሿ ያኔ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። «ታዲያ ማን ይዟት ነበር?» አለች። እናቷ አልኳት።

ባለቤቴ የምትሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለእናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ምን ይበቃል? ገንፎ ማገንፋት እንኳ አልተማርኩበትም።

በሰኔ ዝግጅቱን ጨረስን። የክትትል ካርዷን ይዘን ቀራንዮ አቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ አስመዘገብን። መንገዱን ማታ በእግራችን ሄደን ለካነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907ን በትልቁ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። አንድ ቦርሳ ምስማር ላይ ሰቀልን። በውስጡ ሽንት ጨርቅ፣ ኮፍያ፣ ብርድ ልብስና ካርዱ አለ። ለሁለቱ ልጆች ተደራራቢ አልጋ ሠራሁ። ወንዱ ልጅ ከላይ ልተኛ ብሎ አለቀሰ።

ምጡ የመጣው በሐምሌ፣ በሌሊት፣ በዝናብ ነው። እማማ ድምፅ ሰምተው ባትሪ ይዘው ወጡ። ጎረቤት ያለውን የታክሲ ሹፌር ቀሰቀሱ። ልጆቹን ወደ ቤታቸው አስገቡ። «እኔ አለሁ፤ ሂዱ። ማርያም ትቅረብሽ፣ ልጄ» አሉ። ሊነጋ ሲል ሴት ልጅ ተወለደች።

በማግስቱ ወደ ቤት ተመለስን። ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። አምስት የአጠና ተራ ሴቶች ናቸው። ያለ ቦታው ከታክሲ ወርደው በእግር መጥተዋል። ጫማቸው ጭቃ ብቻ ነው። ገንፎው ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ ገና ትኩስ ነበር። እማማ ውሃ አቀረቡላቸው፤ እግራቸውን ታጠቡ።

ከዚያ እልል አሉ። ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ ነው፤ ለወንድ ሰባት። ትልቋ ልጄ ትቆጥር ነበር። «ለወንድሜ ሰባት ነበር አላላችሁም? ለምን አቆማችሁ?» አለች። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና አራተኛውን ጀመሩ።