እስረኛ ያወጣው ስም

በበጌምድር ደጋ፣ ከአንበሳሜ እስከ ደብረ ታቦር፣ ቤት ስሙን የሚያገኘው ከግብሩ ነው። እንግዳ የሚሰበሰብበት አዳራሽ፣ ባለቤቱ የሚያርፍበት እልፍኝ፣ ወጥ የሚሠራበት ማድቤት ይባላል። የሰው ማሰሪያ ግን ስሙን ያገኘው ከተራራ ነው። በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በወህኒ አምባ ይጋዙ ነበር። ነገሥታቱ አለፉ፣ አምባውም ባዶ ቀረ፤ ስሙ ግን ከገደሉ ወርዶ የእስር ቤት ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ዛሬ «ወህኒ ቤት» የሚል ሁሉ ሳያውቀው ያንን አምባ ይጠራል። ስም ከግንብ ይልቅ ዕድሜ አለውና።

በአዲስ አበባ፣ በፒያሳ አካባቢ የሚገኘው የፖሊስ የወንጀል ምርመራ ግቢም የራሱ የስም ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን ዜጎች እየታሰሩ የተሠቃዩበት ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግብሩ አልተለወጠም። «ማዕከላዊ» የሚለው መጠሪያው የመሥሪያ ቤት ቃል ነው፤ ስለ ውስጡ አንዳች አይናገርም። ውስጡን የተናገሩት እስረኞቹ ናቸው። የቀን ብርሃን የተነፈጉበትን ክፍል «ጨለማ ቤት» አሉት። ቁንጫ የሚፈላበት ሌላው «ጣውላ ቤት» ተባለ። እስረኛው ትንሽ የሚንቀሳቀስበት፣ ከጠበቃና ከዘመድ ጋር የሚገናኝበት ክፍል ደግሞ በከተማው ታላቅ ሆቴል ስም «ሸራተን» ተሰየመ። ቅኔ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ስም እንግዳ አይደለም፤ ሰሙ ምቾት፣ ወርቁ እጦት ነው። የእናትን ፊት ማየት ቅንጦት በሆነበት ስፍራ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ቀልድ ከየት ይወለዳል?

በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ግቢው ተዘግቶ ሙዚየም እንደሚሆን አስታወቁ። በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ በጳጉሜን 2011 ዓ.ም. በሩ ለሕዝብ ተከፈተ። ከገቡት መካከል የቀድሞ እስረኞች ነበሩ።

የዓለም በቃኝ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሹማምንትና መኮንኖች የተረሸኑበት ያ ወህኒ ቤት ፈርሶ፣ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት አዲስ ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ግንቡ ጠፋ፤ እስረኛ ያወጣው ስም ግን አሁንም በሰው አፍ አለ።

እንግዲህ የማዕከላዊ ጉዳይ የድንጋይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ግድግዳን በቀለም ማደስ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ግድግዳውን የሚያነጣ እጅ ስሙን አብሮ እንዳይደመስስ መጠንቀቅ ይገባል። በበሩ ላይ «ክፍል ቁጥር አንድ» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሕፃን ምንም ሳይማር ያልፋል። «ጨለማ ቤት» የሚል ያነበበ ግን ቆሞ፣ የአባቱን እጅ ይዞ፣ «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብሎ ይጠይቃል። አባትም ይመልስ ዘንድ ይገደዳል።