ሞላና ክሪክ

ጎረቤቴ አሮጌዋን ቶዮታ ኮሮላ፣ ሞላዋ ላይ ጎማ ደርቦ ከፍ ሊያደርጋት ተነስቷል። መንገዳችን ጉድጓድ በጉድጓድ ነውና አይፈረድበትም። «ጋሼ፣ ለሁለት የጎማ ቁራጭ ብዬ ለጋራዥ ልክፈል እንዴ?» ይለኛል። ሬዲዮ ይግጠም፣ የወንበር ልብስ ይቀይር፤ ማን ከለከለው! የተጨመቀ ሞላ ግን ሌላ ነው። ያለ መጭመቂያ መሣሪያ ከፈቱት አፈትልኮ መንጋጋ ይሰብራል። ከፍ ያለች መኪናም ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች።

እርግጥ ጋራዥ የከፈተ ሁሉ ባለሙያ አይደለም፤ ቁልፍ ሲያቀብል ከርሞ ትናንት «ማስተር» የተባለም አለ። እኔ የምከፍለው ሥራውን ጨርሶ፣ ከጎኔ ተቀምጦ የእንጦጦን ቁልቁለት አብሮኝ ለሚወርድ መካኒክ ነው።

ይህን ስነግረው ሳቀ። ቅዳሜ ክሪኬን ሊዋስ ይመጣል። እሰጠዋለሁ፤ ሞላውን ሲፈታ ግን ልጆቹን ከግቢው ያስወጣልኝ።