ከሩቅ የሚመጣ ሞገድ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ዛሬ ስለ ባሕር ልናወራችሁ ነው።

ኮልፌ ቀራኒዮ ሆኖ ስለ ባሕር መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። የምንኖረው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከአየር ጤና ተነሥተን በዓለም ባንክ በኩል ብንዞር የምናገኘው ውኃ ክረምት ሲገባ የሚደፈርሰውን የወንዝ ጎርፍ ነው። ነገር ግን ባሕሩ በየቤታችን አለ። በጸሎት ቀን በትንንሽ ወረቀት ተጽፈው ከሚመጡልን ርዕሶች መካከል «ልጄ በባሕር ሊሄድ ተነሥቷልና ጸልዩልኝ» የሚል አይጠፋም። አንዳንዱ ደግሞ «ጌታ መንገድ ከፍቶልኛልና አብራችሁኝ አመስግኑ» ይላል። ሁለቱም ወረቀቶች በአንድ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣሉ። እኛ አገልጋዮች ደግሞ ሁለቱንም ይዘን በጌታ ፊት እንቆማለን።

እንግዲህ ከመጸለያችን ጋር ስለዚያ ባሕር ማወቅም ይገባናል። ስለ ሞገድ ሦስት ነገር ብቻ እንበል።

አንደኛ፣ ሞገድ የነፋስ ልጅ ነው። ነፋሱ በበረታ፣ በቆየና በሰፊ ውኃ ላይ በነፈሰ መጠን ሞገዱ ያድጋል። ካደገ በኋላ ግን አባቱን አይጠብቅም፤ ነፋሱ በሌለበት ስፍራ እንኳ መቶዎች፣ አንዳንዴም ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። ስለዚህ በዳርቻ የቆመ ሰው ፀጥ ያለ ሰማይ እያየ፣ ቅጠል ሳይነቃነቅ፣ ከሩቅ የተነሣ ሞገድ ሊመጣበት ይችላል። የባሕር ሰዎች የሞገዱን ቁመት ብቻ ሳይሆን በአንዱና በተከታዩ መካከል ያለውን ሰከንድ የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። በ5 ሰከንድ ልዩነት የሚመጣ ሞገድ በጥልቅ ውኃ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በ10 ሰከንድ የሚመጣው ግን ወደ 156 ሜትር ይደርሳል። ረጅሙ ከሩቅ የመጣ፣ ብዙ ጉልበት የተሸከመ ነው።

ሁለተኛ፣ ሞገድ አደገኛ የሚሆነው ዳርቻ ሲቃረብ ነው። በጥልቁ ላይ ጀልባን ከፍ ዝቅ አድርጎ ያልፋል። የውኃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት ጋር ሊተካከል ሲቃረብ ግን ግርጌው በአሸዋው ይያዛል፣ ራሱ ይቀድማል፣ ከዚያም ተሰብሮ ይወድቃል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ያህል ይመዝናል። በተሰበረው ሞገድ ወደ ዳርቻ የተገፋው ውኃ ደግሞ በጠባብ መስመር ወደ ባሕሩ ይመለሳል፤ ጎበዝ ዋናተኛን ጭምር ይዞ ይሄዳል። መሬት ታየ ተብሎ እልል በሚባልበት ስፍራ ሞት የሚያደፍጠው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የትንበያ ባለሙያ «ሞገዱ 2 ሜትር ነው» ሲል፣ ከሞገዶቹ መካከል ከፍ ያሉትን አንድ ሦስተኛ ወስዶ አማካዩን መናገሩ ነው። አልፎ አልፎ የዚያ እጥፍ የሚጠጋ ሊነሣ እንደሚችል ያውቃል። ጀልባን የሚገለብጠው አማካዩ አይደለም፤ ያ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ክረምት እንመለስ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያችንን ሲደበድብ፣ በዚያው ወራት ከሶማሊያ ጠረፍ ማዶ በዓረብ ባሕር ላይ ብርቱ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይነፍሳል። በሐምሌ በክፍቱ ባሕር ላይ ከ3 ሜትር በላይ የሆነ ሞገድ የተለመደ ነው። ከቦሳሶ ተነሥተው የኤደንን ባሕረ ሰላጤ የሚያቋርጡ ጀልባዎች በእነዚህ ወራት ቁጥራቸው የሚቀንሰው ነጂዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ነው። በጅቡቲ በኩል ያለው ባብ ኤል መንደብ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በዓረብኛ «የእንባ በር» ማለት ነው። እዚያ ደግሞ ነፋሱ በበጋው ወራት በጠባቡ በር ውስጥ ተጨምቆ ይበረታል። ስለዚህ «አጭር ናት» የምትባለውም መንገድ የዓመቱ ሁሉ ወዳጅ አይደለችም።

ይህን የምንለው ስሞች ስላሉበት ነው። ነሐሴ 3 ቀን 2009 ዓ.ም. አንድ አሻጋሪ ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን ወጣቶችን በየመን ሻብዋ ዳርቻ አቅራቢያ በግድ ወደ ባሕር አስገባቸው። ወደ 50 የሚጠጉት ሰጠሙ፤ አማካይ ዕድሜያቸው 16 ዓመት ገደማ እንደነበር ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አስታውቋል። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቦሳሶ የተነሣች፣ 260 ሰው የጫነች ጀልባ በዚያው በሻብዋ በኩል ተገለበጠች፤ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞቱ፣ 140 የሚሆኑት ጠፉ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የኛን ልጆች፣ የያዘች ጀልባ በመጥፎ የአየር ጠባይ በአብያን ዳርቻ ተገለበጠች፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ከ60 በላይ አስከሬን ተገኘ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ሦስቱም በክረምት።

እነዚህን ወራት ስናስብ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ላይ ያለው ታሪክ ይመጣብናል። ምዕራፉን ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ እንድታነቡት እንለምናችኋለን። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም እየተወሰደ ነው። የጾሙ ጊዜ አልፏል፤ ይህም ማለት የመርከብ ወራት እየተዘጋ ነው። በቀርጤስ «መልካም ወደብ» በሚባለው ስፍራ ሳሉ ጳውሎስ ተነሥቶ ይህ ጉዞ በጭነቱ ብቻ ሳይሆን በነፍሳችንም ላይ ጉዳት ያመጣል ብሎ ያስጠነቅቃል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ጳውሎስ በዚህ ጊዜ መልአክ ታየኝ አላለም። በግሪኩ የተጠቀመበት ቃል አይቶና አስተውሎ መረዳትን የሚያመለክት ነው። ወራቱን ያውቃል። ከዚህ በፊትም ሦስት ጊዜ መርከብ ተሰብሮበታል፤ ይህን ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 11 ጽፎላቸዋል። ያ በራእይና በመገለጥ የተሞላ ሐዋርያ የወራትን ምልክት ማንበብን ከእምነት በታች አላደረገውም። ጌታችንም ራሱ በሉቃስ ምዕራፍ 12 ሕዝቡ ደመናና ነፋስ አይቶ ስለ ዝናብና ስለ ሙቀት መናገር እንደሚችል መስክሯል፤ የወቀሳቸው ዘመኑን ስላልመረመሩ ነው እንጂ ሰማዩን ስለመረመሩ አይደለም።

ታዲያ ዛሬ በአንዳንድ መድረክ «ባሕር ማዶ አይሃለሁ» የሚል ቃል ተነግሯቸው የሚነሡ ወጣቶች አሉ። በእግዚአብሔር ድምፅ እናምናለን፤ አሁንም ይናገራል። ነገር ግን ሰይጣንም ጌታን በመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ያነበበለት የተስፋ ቃል ነበር። ጌታ የመለሰለት አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ነው። መላእክት ይጠብቁኛል ብሎ መዝለል እምነት ካልሆነ፣ በሐምሌ ሞገድ ላይ በተጨናነቀች ጀልባ መሳፈርም እምነት ነው ልንለው አንችልም። በዚያ በምዕራፍ 27 መልአኩ የመጣው ከማዕበሉ በኋላ ነው። የመጣውም ተስፋ የቆረጡትን ሊያጸና እንጂ ጉዞውን ሊያጸድቅ አልነበረም።

የመቶ አለቃው ታዲያ ማንን ሰማ? የመርከቡን መሪና ባለ መርከቡን። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ለጳውሎስ ደግ እንደነበር ተጽፏል። ግን በመርከቡ መነሣት የሚያተርፈውን ሰው ምክር ተቀበለ። ወደቡም ለመክረም አይመችም ነበር፤ ብዙዎቹም እንሂድ አሉ። ከዚያ የደቡብ ነፋስ በቀስታ ሲነፍስ ያሰቡት የተሳካ መሰላቸው። ጥቂት ሳይቆይ አውራቂስ የሚባለው ዐውሎ ወረደባቸው።

ልጆቻችን፣ ይህ የእናንተን መንገድ አይመስልም? ደላላው ባለ መርከቡ ነው፤ ብትደርሱም ባትደርሱም ገንዘቡን ይቀበላል። የማይመቸው ወደብ ሰፈራችን ነው፤ ተመርቆ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ፣ ከእናት እጅ የታክሲ መለመን፣ የጓደኛ ስልክ ሲመጣ መሸማቀቅ። ይህን ችግር አናቃልለውም። በቀስታ የሚነፍሰው ነፋስ ደግሞ «ደርሻለሁ» የሚለው የጓደኛ ፎቶ ነው። ፎቶው እውነት ነው። ግን ያልደረሰው ፎቶ አይልክም። በእጃችሁ ያለው ስልክ የሚያሳያችሁ የተረፉትን ብቻ ነው።

የምዕራፉን መጨረሻም እንይ። መርከቢቱ በመላጥያ ደሴት ዳርቻ ሁለት ባሕር በተገናኘበት ስፍራ በአሸዋ ላይ ተተከለች፤ ፊቷ ተይዞ ቀረ፣ ኋላዋን ሞገዱ ሰበረው። ስለ ሞገድ ያነሣነው ሁለተኛው ነገር ይኸው ነው፤ አደጋው መሬት እየታየ ነበር። ከዚያ በፊትም መርከበኞቹ መልህቅ የምንጥል ነን እያሉ ታንኳውን አውርደው ተሳፋሪውን ጥለው ሊሸሹ ነበር። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን ከየመን ዳርቻ የተረፉ ወንድሞችና እኅቶች ሲናገሩ የምንሰማውን ይመስላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለወጣቶቻችን የምንለው፣ የሚያማክራችሁ ሰው ከመሄዳችሁ የሚያተርፍ መሆኑን መጀመሪያ ጠይቁ። መሄድ ኃጢአት ነው አንልም፤ አብርሃም ሄዷል፣ ዮሴፍ በባዕድ አገር ከብሯል። ሕጋዊ በር ካለ በብርሃን እንውጣ፤ ቤተ ክርስቲያን እጅ ጭና ትሸኛችሁ። በሌሊት፣ ለእናት ሳይነገር የሚወጣ ጉዞ ግን ከመነሻው ምልክት አለው። ለወላጆች የምንለው፣ «የእገሌ ልጅ ብር ላከ» የሚለው ንግግር በቤት ውስጥ ነፋስ ነው። ከሩቅ ተነሥቶ፣ ዓመት ቆይቶ፣ በልጃችሁ ልብ ዳርቻ ላይ ይሰበራል። አፋችንን እንጠብቅ።

ለቤተ ክርስቲያንም የምንለው አለን። ጳውሎስ ምክሩ ሳይሰማ ሲቀር ከመርከቡ አልተለየም፤ መውረድም የሚችል እስረኛ አልነበረም። በማዕበሉ መካከል ቆሞ ብትሰሙኝ ኖሮ መልካም ነበር አለ፤ ነገር ግን በዚያ አላቆመም። አይዟችሁ አላቸው፣ እንጀራ ቆርሶ አመስግኖ በፊታቸው በላ፣ እነርሱም ተጽናንተው በሉ። 276 ነፍስ ነበሩ፤ ቁጥሩ የተጻፈው አንድም ሰው በእግዚአብሔር ፊት ስለማይዘነጋ ይመስለናል። እኛም ማስጠንቀቂያችን ሥልጣን የሚኖረው በመርከቡ ውስጥ አብረን ስንሆን ነው። «አትሂድ» ብለን የምንልከው ወጣት ሰኞ ጠዋት የሚሄድበት ከሌለው፣ ለደላላው እንተወዋለን ማለት ነው። በየሕብረቱ እቁብ የሚጥሉ፣ ሱቅ ያላቸው፣ ጋራዥ ያላቸው፣ የልብስ ስፌት የሚያውቁ ወገኖች አሉን። እያንዳንዳችሁ አንድ ልጅ ከጎናችሁ ብታስቀምጡ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ይህን ደግሞ ከሰኔ በፊት እናድርገው፤ ወራቱ ከገባ በኋላ የሚሰጥ ምክር ዘግይቷል።

ልጃቸው ሄዶ ድምፁ ለጠፋባቸው እናቶችና አባቶች ግን ምክር አንሰጥም። አጠገባችሁ እንቀመጣለን። መዝሙር 107 በመርከብ ወደ ባሕር ስለወረዱ፣ ነፍሳቸው ስለቀለጠች፣ በጭንቃቸውም ስለጮኹ ሰዎች ይናገራል፤ እግዚአብሔርም እንደሰማቸው ይናገራል። ጩኸት በባሕር መካከል ለሰማ አምላክ በኮልፌ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚፈስ እንባ አይሰወረውም።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ ነፋስና ባሕር የሚታዘዙልህ፣ ዛሬ ሌሊት በዳርቻ ሆነው ጀልባ የሚጠብቁትን ልጆቻችንን አስብ። ያልተነሡትን አስተውለው እንዲመለሱ ልብ ስጣቸው። በውኃው ላይ ያሉትን በእጅህ ያዝ። ለእኛም ወራቱን የምናይበት ዐይን፣ ሳይረፍድ የምንናገርበት አፍ፣ የምንካፈለውን እንጀራ ስጠን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።