ቆፍራ ምን ልትበላ ነው?

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ ምሳ በልተን ቡናው እስኪፈላ ስንጠብቅ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት የእህቴ ልጅ አርኪዮሎጂ ማጥናት እንደምትፈልግ ተናገረች። ሁላችንም ዝም አልን። እህቴ ወደ እኔ ዞራ፣ "እስቲ አንቺ ምከሪያት፤ ቆፍራ ምን ልትበላ ነው?" አለችኝ። ሠላሳዎቹን አጋምሼ ዛሬም የንጽጽር ሥነ ጽሑፍ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ለማስጠንቀቂያ ከእኔ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

የምነግራት ነገር አልነበረኝም። የማውቀው ድንቅነሽን ነው፤ ድንቅነሽ ደግሞ በእኛ ቤት ኩራት ናት እንጂ የሥራ መስክ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ አጠገባችን ሳንታ አና ለዕይታ በቀረበች ጊዜ፣ ልጅቷን እጇን ይዛ የወሰደቻት እናቷ ራሷ ነበረች።

በሳምንቱ መፈለግ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ያገኘሁት የእኛን ሰዎች ነው። ዶክተር ብርሃኔ አስፋውና ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በርክሌይ ነው። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሕፃኗን የሰላምን ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ አገኙ። ይሁንና የእነርሱ ጥናት የሰው ዘር አመጣጥ ነው። አርኪዮሎጂ ሰው ሠርቶ፣ ተገልግሎ ጥሎት የሄደውን ይመረምራል። እኔ ሁለቱን ሳምታታ ኖሬአለሁ።

የእንጀራው ጥያቄ መልስ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣችው የቅርስ ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት ግንባታ በቅርስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ መታየት አለበት። ስለዚህ አብዛኞቹ የአገሩ አርኪዮሎጂስቶች የሚሠሩት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳይሆን ከመንገድና ከግድብ ሥራ ጋር ነው። ለመጀመር የመጀመሪያ ዲግሪና በበጋ የሚሰጥ የመስክ ቁፋሮ ትምህርት፣ ቁፋሮ ለመምራት ደግሞ ማስተርስ ያስፈልጋል። የጀማሪ ደሞዝ ዝቅተኛ ነው፤ ሥራውም ከኮንትራት ወደ ኮንትራት መዞር ነው።

እዚሁ ሎስ አንጀለስ የምድር ውስጥ ባቡር ሲሠራ፣ ዩኒየን ስቴሽን ሥር የድሮው ቻይናታውን ወጥቷል። ባቡር ጣቢያው ሊሠራ ሲል የፈረሰው የስደተኞች ሰፈር፣ ሩዝ የተበላባቸው ሳህኖች ሳይቀሩ አፈር ውስጥ ነበሩ። ይህን ሳነብ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 "ትንሿ ኢትዮጵያ" የሚል ስም የተሰጠው የእኛው ሰፈር ታየኝ።

እኔ ትምህርቴን ስመርጥ "ተይ" ያለኝ ብዙ ነበር፤ "መንገዱ ይህ ነው፣ ዋጋው ይህ ነው" ያለኝ ግን አልነበረም። ለእህቴ ልጅ ግን የደሞዙን ማነስ ሳልደብቅ፣ ሁሉንም ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋት።

እሷ አንብባ ስትጨርስ እናቷ ተቀበለቻት። ብዙ ቆየች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ "ይሄ የበጋው ትምህርት ምዝገባው መቼ ነው?" አለችኝ።