ከአስቤዛ ወረቀት የወጣ ፊልም

መቼም ፊልም ለመሥራት ታሪክ ያስፈልጋል ይባላል። እኛ ያገኘነው ታሪክ በደብተር ቅዳጅ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው፦ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቡና፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ቅቤ። የአንዱ ባልደረባችን እናት የሰኞ አስቤዛ!

ሰኞ ከተባለ እንግዲህ ባቲ ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል። ቱሪስት ለዓመታት ፎቶ ሲያነሳው የኖረ ገበያ ነው። የእኛም ያው ግመል፣ ያው አቧራ ሆኖ እንዳይቀር ሕግ አወጣን። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ አይቀረጽም። ለአንድ ዕቃ አሥር ሰከንድ፣ በሞባይል። በኪሳችን የምንይዘውም እናት በየሳምንቱ የሚመድቡትን ብር ብቻ። ሙዚቃ የለም። (ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ስሟ የቅኝት ስም በሆነ ከተማ ሙዚቃ መከልከል ድፍረት ነው። ቢሆንም የገበያው ድምፅ ይበቃል አልን።)

መጀመሪያ ጨው ጋ ሄድን። ሻጩ አዛውንት ሞባይሉን አዩና "መጀመሪያ ግዙ፣ ከዚያ አንሱ" አሉን። እውነታቸውን ነው! የማይገዛ አይቀረጽም የሚለው ሕግ የተጨመረው ያኔ ነው።

ጨው ከወረቀቱ ሁሉ ርካሹ ነው። ድሮ ግን ከአፋር በረሃ በግመል እየተጫነ ሲወጣ አሞሌ ተብሎ ራሱ ገንዘብ ነበር። ገንዘብ የነበረው ዕቃ ሆኖ ቀረ። ብራችንስ? የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ዘይት ይህንን ይሰማል፤ ወረቀቱ ላይ አንደኛ የተጻፈውም እሱ ነው።

ቅቤ ጋ ስንደርስ ብሩ አለቀ። ስለዚህ የቅቤውን አሥር ሰከንድ ጥቁር አድርገን ድምፁን ብቻ ተውነው።

ከማንም በፊት ለወረቀቱ ባለቤት አሳየን። ጥቁሩ ሲመጣ "ተበላሸ እንዴ?" አሉ።

"አይ እማማ፣ እሱ ቅቤው ነው።"

ትንሽ ዝም ብለው "ጎዶሎዬን ለአገር ልታሳዩት?" አሉ። ከዚያ ቅቤ ከገዙ ብዙ ሰኞ ማለፉን ነገሩን። ታዲያ ካልገዙት በየሳምንቱ ለምን ይጽፉታል?

"ካልጻፍኩትማ እረሳዋለሁ፣ ልጆቼ።"

ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ "ጥቁሩ ይቆይ፣ እጅ ጽሑፌ ግን አይታይ" ብለው ፈረዱ። ወረቀቱን አወጣነውና ዝርዝሩን በየተራ በድምፃችን አነበብነው። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ሆነ።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት አይጠፋም። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ግን የጻፈውን ሰው ጠይቁት። የተገዛውን ብቻ ሳይሆን ያልተገዛውንም።

ቸር ሰንብቱ!