የሲፖ አርምሞ

ከበርማዋ ከተማ ከማንዳሌይ ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት የሚነሣው ባቡር ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሻን ተራሮች መልሶ መውጣት ሲጀምር፣ ተሳፋሪው ገና ከመቀመጫው ጋራ ሳይላመድ መንገጫገጩ ይይዘዋል፤ እሱም ግራና ቀኝ እንደ ታንኳ የሚያወዛውዝ፣ አልፎ አልፎም ሰውን ከወንበሩ ብድግ የሚያደርግ ስለሆነ፣ በመንገድ አነባለሁ ብዬ የያዝሁትን መጽሐፍ ሁለተኛውን ገጽ ሳልገልጥ ከረጢቴ ውስጥ መለስሁት። ለሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ዐሥራ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ባቡር ለዛሬ ሰው መሳቂያ ነው። ነገር ግን በአውቶቡስ ፈጥኖ ሲፖ የገባ መንገደኛ የከተማይቱን ዝግታ እንደ ስንፍና ይቈጥረዋል ብዬ እፈራለሁ፤ ባቡሩ ግን ሰውን አስቀድሞ ያለማምደዋል።

እንግሊዞች ሰሜን በርማን ከያዙ በኋላ ወደ ላሺዮ የሚወስደውን ሐዲድ ሲዘረጉ መካከል ላይ የጎቴክ ገደል አፉን ከፍቶ ጠበቃቸውና ድልድዩን ለአንድ የፔንሲልቫንያ የብረት ኩባንያ ሰጡ፤ ብረቱም አሜሪካ ተሠርቶ በመርከብ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጣ፤ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ድልድዩ ተከፈተ (በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ርዝመቱ 689 ሜትር፣ ከፍታውም መቶ ሜትር ያህል ነው። ባቡሩ እዚያ ሲደርስ እንደ ሽማግሌ እየረገጠ ያዘግማል፤ እስከዚያ ድረስ ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ ሲንጫጩ የነበሩት ተሳፋሪዎችም ማንም ሳያዝዛቸው ዝም አሉ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት ልጇን ከመስኮቱ ሳብ አድርጋ ዐይኑን በመዳፏ ከደነችው፤ ልጁ ግን በጣቶቿ መካከል ያይ ነበር።

ሲፖ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። ዶክታዋዲ በሚባለው ወንዝ ዳር የተኛች፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በእግር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የማትፈጅ ከተማ ናት። ትንሽነቷ ግን ታሪክ የላትም አያሰኝም። እንግሊዞች በ1885 ከማንዳሌይ ዙፋኑ አውርደው ወደ ሕንድ ያጋዙት የበርማ የመጨረሻው ንጉሥ ቲቦ ስሙን የያዘው ከዚህችው ከተማ ነው፤ በርሞች ሲፖን ቲቦ ብለው ይጠሯታልና። የዚህ ተራራማ አገር ሕዝብ ሻኖች ግን የራሳቸው መሳፍንት ነበሯቸው፤ መስፍኑን ሳኦፋ ይሉታል፤ የሲፖ ሳኦፋዎችም ይህን አገር በየትውልዱ ሲገዙ ኖረዋል።

ያደርሁበት ቤት ጌታ፣ ሰባ ዓመት የዘለላቸው አዛውንት፣ ማታውኑ «ገበያውን ለማየት ካሰቡ ከዶሮ ጩኸት በፊት ይነሡ፤ ፀሐይ ከወጣች ምንም አያገኙም» ብለው መከሩኝ። ተነሣሁ። በወንዙ አጠገብ ባለው መንገድ ዳርና ዳር፣ ከየተራራው መንደር ሌሊቱን ተጕዘው የመጡ ሴቶች ጎመናቸውን፣ ዝንጅብላቸውንና አበባቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዷም ፊት አንዲት ሻማ ትበራለች። አሁን አሁን ባትሪው ሻማውን እየተካው ነው፤ ቢሆንም ሻማዋን ያልተወች አንዲት አሮጊት አየሁ፤ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አቁማ፣ ነፋሱ እንዳያጠፋባት የጎመን ቅጠል ከልላባታለች። ገዢ ሲመጣ ቅጠሉን ገለጥ ታደርጋለች፤ ገንዘቡን በብርሃኑ አይታ ትቀበላለች፤ መልሳም ትከልላለች። ጭቅጭቅ የለም፤ ዋጋውም የሚነገረው በሹክሹክታ ነው። ጎሕ ሲቀድ ሻማዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ ፀሐይም ስትወጣ መንገዱ ተጠርጎ እንዳደረ መንገድ ባዶ ሆነ።

በዚያው ሰዓት የቡድሃ መነኮሳት ለምጽዋት ይወጣሉ። ባዶ እግራቸውን፣ ሽማግሌው ከፊት፣ ሕፃናቱ ደቀ መዛሙርት ከኋላ ሆነው፣ ጥቁር ገበታቸውን በደረታቸው አቅፈው በሰልፍ ያልፋሉ። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ሰምቶ ላደገ ሰው የነዚህ መነኮሳት ዝምታ መጀመሪያ ግር ይላል፤ አይለምኑም፣ ሲሰጧቸውም አይመርቁም፣ ቀና ብለውም አያዩም። የየቤቱ እመቤት ትኩስ ሩዝ በጭልፋ ጨምራ ጫማዋን እንዳወለቀች እጅ ትነሣለች፤ በጎ ሥራ እንድትሠራ ዕድል ስለ ሰጧት የምታመሰግነው እርሷ ናትና።

ስለ ምግቡ ብዙ አልጽፍም፤ ነገር ግን ሻይን መጠጣት ብቻ ሳይሆን መብላትም እንደሚቻል የተማርሁት እዚያ ነው፤ የሻዩን ቅጠል አብላልተው፣ ከተጠበሰ ባቄላ፣ ከኦቾሎኒ፣ ከሰሊጥና ከነጭ ሽንኩርት ጋራ አዋሕደው ያቀርቡታል። ጣዕሙ መራራ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ራሴ እየጠየቅሁ በላሁት።

ከከተማው በስተሰሜን የፈራረሱ የሸክላ ጡብ ሐውልቶች አሉ፤ የአገሩ ሰዎች በዚያ በታወቀው በጥንቱ ርእሰ ከተማ ስም እየቀለዱ «ትንሿ ባጋን» ይሏቸዋል። በአንደኛው አናት ላይ ዛፍ በቅሎ ሥሩን በጡቡ ሁሉ ላይ አውርዶታል፤ ሐውልቱን ያፈረሰውም ደግፎ ያቆመውም ያው ሥር ይመስለኛል። ፓጎዳ በሚሉት ቤተ መቅደስም ሌላ ልማድ አየሁ፤ በርሞች ሕፃን የተወለደበትን ዕለት አጥብቀው ይይዛሉ፤ ሳምንቱንም ረቡዕን በጥዋትና በከሰዓት ከፍለው ስምንት ያደርጉታል፤ ለየዕለቱም አቅጣጫና እንስሳ መድበዋል፤ ምእመኑ በፓጎዳው ዙሪያ ወደ ዕለቱ ማዕዘን ሄዶ በምስሉ ላይ ውሃ ያፈስሳል። አንድ የፓጎዳ ጠባቂ በእጁ ምልክት «መቼ ተወለድህ?» አለኝና በጣቴ ቈጥሬ ማክሰኞ መሆኑን አስረዳሁት። ወደ ደቡብ ምሥራቁ ማዕዘን እየመራ ሲወስደኝ የቆመውን እንስሳ አየሁ፤ አንበሳ ነበር። ለምን እንደ ሳቅሁ ላስረዳው አልቻልሁም።

አሁን ወደ መስፍኑ ቤት እመለሳለሁ፤ እስካሁንም ያዘገየሁት የሲፖ ሰዎችም የሚያዘገዩት ስለሆነ ነው። ያሳደሩኝ አዛውንት ስለ ገበያው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ሩዙ ዋጋ የጠየቅኋቸውን ሁሉ ሳይሰለቹ ሲመልሱልኝ ሰነበቱ፤ ስለ መጨረሻው ሳኦፋ ስጠይቃቸው ግን ሻይ ቀዱልኝ፤ ከዚያም ወደ መንገዱ ተመለከቱ። እኔም ጥያቄዬን ዋጥሁት።

ቤተ መንግሥት ይባል እንጂ ቤቱ በ1924 የተሠራ፣ በእንግሊዝ ገጠር ቢገኝ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ባለ ፎቅ ቪላ ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፣ ዐጸዱን ሣር ውጦታል። የመጨረሻው ጌታው ሳኦ ቻ ሴንግ በኮሎራዶ የማዕድን ምሕንድስና ተምሮ፣ ኢንገ የምትባል ኦስትርያዊት ተማሪ በ1953 አገባ፤ መስፍን መሆኑን ግን አልነገራትም። ኋላ እርሷ በ1994 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደ ተረከችው፣ መርከባቸው ራንጉን ሲደርስ በአበባ ያጌጡ ጀልባዎች ከበቧቸው፤ ለማን ይሆን ብላ ስትደነቅ ነው ባሏ እውነቱን የገለጠላት። ሲፖ ገብተውም የቤተሰቡን የሩዝ እርሻ ለሚያርሱት ገበሬዎች ሰጠ፤ በ1959 ከሌሎቹ ሳኦፋዎች ጋራ ሥልጣኑን በውል ለቀቀ። መጋቢት 2 ቀን 1962 ጄኔራል ኔ ዊን መንግሥቱን በወታደር ኀይል ሲይዝ፣ ሳኦ ቻ ሴንግ በታውንጂ አጠገብ ባለ ኬላ ተያዘ። ከዚያ ወዲያ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሚስቱ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ከሁለት ዓመት በኋላ አገሩን ለቅቃ ወጣች።

በመጨረሻው ሠርክ አዛውንቱ ሳልጠይቃቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባቴ የሚያርሰውን መሬት የሰጡት እሳቸው ናቸው» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የከተማይቱን ጸጥታ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሰላም ጸጥታ ብቻ አድርጌ ተረድቼው ነበር። እኛ መንገደኞች ጸጥ ያለ አገር ስናገኝ ዕረፍት አገኘን ብለን ደስ ይለናል፤ ዝም ያለው ሰው ለምን ዝም እንዳለ ግን አንጠይቅም። የመነኮሳቱ አርምሞ በፈቃድ የተያዘ ሥርዓት ነው፤ የአዛውንቱ ዝምታ ግን ተመክሮ ያስተማራቸው ጥንቃቄ ነበር፤ ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ስለሚሄዱ እንግዳ ሰው ይምታቱበታል።

እኔ የሄድሁት መንገዱ ክፍት በነበረበት ዘመን ነው። ከ2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሻን ሰፋ፤ በ2024 ጥቅምት ወር ሲፖ ከመንግሥቱ ጦር እጅ ወጥታ በታአንግ ብሔረሰብ ታጣቂዎች ተያዘች፤ በ2025 ነሐሴ ወር የጎቴክ ድልድይ ተመትቶ ተጐዳ፤ ሁለቱም ወገኖች ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ አመካኙ። በአገሪቱ ብዙ መንግሥት ተለዋውጧል፤ ሳኦ ቻ ሴንግ የት እንደ ተቀበረ ግን እስከ ዛሬ አንዱም አልተናገረም።