እስኪበቃት ድረስ



በየመጫወቻው ቦታ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ልጆች ሲሯሯጡ፣ ሲንሸራተቱ፣ ሲጮኹ እርሱ የአንዱን ጫማ፣ የሌላውን ሹራብ፣ የሁሉንም ውኃ ይዞ አጥር ተደግፏል። ማታ ቤት ሲገባ ሁሉም ያየውንና የተጫወተውን ያወራል፤ የጠባቂውን ውሎ ግን የሚጠይቅ የለም። ዛሬ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ጠባቂ ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ዜና ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን በስተምሥራቅ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የተባለው የመዝናኛ ፓርክ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ለመጨረሻ ጊዜ እንግዶቹን ተቀብሎ በሩን ዘጋ። በዚያ አካባቢ ላደግን የኢትዮጵያውያን ልጆች ስሙ ብቻውን ብዙ ነገር ያስታውሰናል።

ነገሩን ካነሣን ዘንድ፣ የዛሬዎቹ ታላላቅ የመዝናኛ ፓርኮች ታሪክም ከጠባቂ ወላጅ ጋር የተያያዘ ነው። ዋልት ዲዝኒ ሁለት ሴት ልጆቹን ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ግሪፊዝ ፓርክ እየወሰደ፣ እነርሱ በሚሽከረከሩት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ እንደነበር ተናግሯል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ የመሥራት ሐሳብ የመጣለት በዚያ ወንበር ላይ እንደሆነም ገልጿል። ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ከተማ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955 ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። አባዬ በዲቪ ዕጣ ወደ አሜሪካ ቀድሞን ሄደ፤ እኛ ከደሴ ተነሥተን ሲልቨር ስፕሪንግ የገባነው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አባዬ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ታክሲዋ የኪራይ ስለነበረች ሠርቶ ቢውልም ባይውልም ኪራዩ አይቀርም። አንድ ቀን ማረፍ ማለት ታዲያ የዕለቱን ገቢ ማጣት ብቻ ሳይሆን ከኪስ መክፈልም ጭምር ነበር።

እንደሚታወቀው የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያጥራል። በእነዚያ ዓመታት ዒድ አልፈጥር የሚውለው በዲሴምበር ብርድ ነበር። አባዬ ለዒድ ፓርክ ሊወስደን ቃል ገብቶልን ነበር፤ የ2001 ዒድ ሲደርስ ግን ፓርኩ ለብርዱ ወራት ተዘግቷል። «ዒዳችሁን ሙቀቱ ሲመጣ ታገኛላችሁ» አለን። እኔ 12፣ እህቴ 9 ዓመታችን ነበር። ወራቱን በጣታችን እየቆጠርን መጠበቅ ጀመርን።

ከዚያ ዒድ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ ሌሊት ከደሴ ስልክ ተደወለ። አያቴ ወደ አኼራ ሄደው ነበር። እማዬ ትንሹን ወንድሜን ወልዳ አራስ ነበረች። ለጉዞ የሚሆን ገንዘብም፣ ጉዞ የሚችል ጉልበትም አልነበረም። የአገር ሰዎች ለተዕዚያ መጡ፣ ቁርአን ተቀራ፣ ዱዓ ተደረገ፤ ሦስቱ ቀናት አለፉ። እማዬ ሥራዋንም ሶላቷንም አላስታጎለችም። ነገር ግን የአያቴን ስም ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በአንደበቷ አላነሣችም። እኛም እንዳናነሣ ሳይነገረን ገባን። ቤታችን ጸጥ አለ።

በኦገስት 2002፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አባዬ ወደ ሥራ አልሄደም። እማዬ ገና ከፈጅር ጀምራ ሳምቡሳ ጠብሳ፣ ሻይ በፔርሙዝ ሞልታ ነበር። አምስታችንም በታክሲዋ ተሳፈርን። እህቴ ከኋላ ሆና «ሒሳብ ስንት ነው?» ስትል አባዬ «ስትደርሱ ትከፍላላችሁ» አላት።

ፓርኩን በቃላት ለመግለጽ ልጅ መሆን ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው 200 ጫማ ያህል ከፍታ ያለው፣ ሱፐርማን የሚባለው የብረት ሮለር ኮስተር ነበር፤ እኛ ከሥሩ ቆመን አንገታችን እስኪያመን አየነው እንጂ አልደፈርነውም። እስከ ዙህር ድረስ ከአንዱ መጫወቻ ወደ ሌላው ስንሮጥ አባዬና እማዬ የሕፃኑን ጋሪ እየገፉ ተከተሉን። ከዚያ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጥተን ምሳችንን በላን፣ ዳር ባለው ሣር ላይ ሰገድን።

ሶላት ጨርሰን ስንመለስ እማዬ ቆም አለችና ወደ አንድ ትልቅ የእንጨት ሮለር ኮስተር በእጇ አመለከተች። ዋይልድ ዋን ይሉት ነበር። ነጭ የእንጨት ርብራብ ነበር፤ ሠረገላው ሲያልፍበት እንጨቱ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እሱ ላይ ልወጣ ነው» አለች። ቀልድ መስሎን ሳቅን። አባዬ ግን አልሳቀም። ሕፃኑን ከእቅፏ ተቀበለና «ሒጃብሽን አጥብቂው» አላት።

ከጎኗ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ሠረገላው ቀጭ ቀጭ እያለ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ጫፉ ላይ አንድ አፍታ የቆመ መሰለኝ፤ ከዚያ ቁልቁል ተወረወረ። በዚህ ጊዜ እማዬ በሙሉ ድምፅዋ «ኧረ እናቴ!» ብላ ጮኸች። ያን ቃል ከአፏ ከሰማሁ ወራት አልፈዋል። ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ ደግማ ጮኸች። ሦስተኛው ላይ መሳቅ ጀመረች።

ስንወርድ በቀጥታ ወደ አባዬ ሄደች። «ደግሜ ልውጣ?» አለችው። «ውጪ» አላት። ደግሞ ከእህቴ ጋር ወጣች። ለሦስተኛ ጊዜ ብቻዋን ሄዳ ተሰለፈች። ሰልፉ ረጅም፣ ፀሐዩም የሚያቃጥል ነበር። አባዬ አጥሩ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ሕፃኑን አባበለ፣ ሽንት ጨርቁን ለወጠ፣ ጡጦ አጠጣ። ማታ ታክሲ ሊነዳ አስቦ እንደነበር ጠዋት ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ሆኖም አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓቱን ሲያይ አላየሁትም። እማዬ ተመልሳ መጥታ «በቃኝ» ስትል ነው ጋሪውን ያነሣው።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ እማዬ ማውራት ጀመረች። አያቴ ለዒድ ከዛፍ ላይ ገመድ አስረው ዥዋዥዌ ይሠሩላት እንደነበር፣ ከኋላ ሲገፏት «ኧረ እናቴ!» እያለች ትጮኽ እንደነበር፣ የገመዱ ልፋጭ እጇን እንዳቆሰላት ነገረችን። ይህን ታሪክ ሰምተነው አናውቅም። በመካከሉ የቤታችን መውጫ ደረሰ፤ አባዬ አልፎት ሄደ። ዋሽንግተንን የሚከበው አውራ ጎዳና ክብ ነው፤ ዙሪያው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በቨርጂኒያ በኩል ዞረን፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን፣ እንደገና ሜሪላንድ ገባን። እማዬ አልተቋረጠችም። ስታለቅስም ስታወራም አባዬ ዝም ብሎ ይነዳል። ቤት የደረስነው ለመግሪብ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ያን ቀን የእኛ ዒድ ነው ብለን ነበር የሄድነው። የእማዬም ቀን እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አንድ ቀን አባዬን ስለዚያ ውሎ ሳነሣበት መልስ የሰጠኝ ሁላችንም የምናውቀውን ሐዲስ በመተረክ ነው። በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጂድ በጦር ሲጫወቱ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓኢሻን (ረ.ዐ.) በኩታቸው ከልለው እንድትመለከት ቆሙላት። እርሳቸው ቀድመው አልሄዱም፤ ዓኢሻ ራሷ ጠግባ እስክትተወው ድረስ ቆዩላት። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እኛ ሐበሾች ይህን ሐዲስ ስንሰማ በተጫዋቾቹ እንኮራለን፤ ኩራቱም ይገባናል። አባዬ ግን ትኩረቱ በቆሙት ላይ ነበር። በዚያ ሁሉ ኃላፊነት መካከል አንዲት ወጣት የትዳር ጓደኛ እስኪበቃት ድረስ መቆምን ሥራ ብለው ያዙት።

የፓርኩን መዘጋት ለእማዬ ስንነግራት «እንጨቱንስ?» ብላ ጠየቀች። እህቴ ስለ ዋይልድ ዋን ያነበበችውን አጫወተቻት። እ.ኤ.አ. በ1917 የተሠራው እዚያ አልነበረም፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ በፓራጎን ፓርክ ነበር። ያ ፓርክ በ1984 ሲዘጋ ተገዝቶ፣ ተነቅሎ፣ ሜሪላንድ ላይ በ1986 እንደገና ሥራ ጀመረ። እማዬ ጥቂት ዝም አለችና «ለካ እሱም መጤ ነበር» ብላ ሳቀች።

ፓርክ የመሄድ አቅም ለሁሉም ቤተሰብ አይገኝም፤ ዥዋዥዌ ግን በአንድ ገመድ ይሠራል። ከገንዘቡ ይልቅ ብዙዎቻችን የምንቆጥበው ጊዜያችንን ነው። ልጆቻችንንና የትዳር ጓደኞቻችንን ወደ ደስታ ቦታ እንወስዳለን፤ ከደረስን በኋላ ግን ሰዓታችንን እያየን እናስቸኩላቸዋለን። አላህ ለቤተሰቦቻችን ጊዜ የማንሰስት ያድርገን፤ ለወላጆቻችንም የቆሙልንን ሰዓት ሁሉ በመልካም ይመንዳልን። አሚን።